ባዶ እንስራ

ከመካከላችሁ ልጁ ስልክ የማያነሳለት ወላጅ ካለ፣ ይህችን ጽሑፍ የጻፍኳት ለእሱና ለራሴ ነው።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በስግድ፣ ጾማችንን ይዘን ተራራ እንወጣ ነበር። ልጅ ነኝና ርቦኝ «አባባ፣ ለምንድን ነው በባዶ ሆድ የምንወጣው?» አልኳቸው። «እናትህ ሙሉ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች ወይ?» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ከላይ ኦሪት ይነበባል፣ ስለ ኢየሩሳሌም ይጸለያል፤ ከሰዓት በኋላ ወርደን እንበላለን። ኢየሩሳሌም በዚያ ዓመት አልሆነችልንም። በሚቀጥለውም አልሆነችም። እኛ ግን በየዓመቱ እንወጣ ነበር።

ኋላ ከጎንደር አዲስ አበባ ገብተን ወራት ጠበቅን። በኪራይ ጭቃ ቤት፣ መሬት የለ፣ በሬ የለ፣ ጎረቤት የለ። «ዛሬ ነው፣ ነገ ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ አባቴ አይሮጡም፤ ወሬው ሲቀርም አያማርሩም። ጠዋት ይጸልያሉ፣ ማታ እኛን ያስተምራሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1991፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሲሻገር፣ እኛም ከለበስነው በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር ሳንይዝ ገባን።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አይቼ አልተማርኩም። ልጄ ወታደርነቱን ጨርሶ ከቤት ወጣ። ስለ ሰንበት ተጣልተን ክፉ ቃል ተነጋግረናል። የሰው ልጅ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ለራሴ ልጅ ቃል አጣሁ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። በቀን አምስት ጊዜ እደውላለሁ፣ ምክር እልካለሁ። በላክሁ ቁጥር ይርቃል። ለጸሎት ስቆምም ቃሉ ከአፌ እንጂ ከልቤ አይወጣም።

አንድ ዓርብ ማታ ባለቤቴ የልጃችንን ወንበር ልታነሳ ስትል «ተይው፣ ይቀመጥ» አልኳት። ባዶውን ወንበር እያየን በላን። ያማል፤ አልዋሻችሁም። የአባቴ ጥያቄ የገባኝ ግን ያን ሌሊት ነው። ወደ ፈጣሪም ወደ ልጄም የምሄደው በምክር፣ በቁጣ፣ «እኔ አውቃለሁ» በማለት ሞልቼ ነበር። ሞልቶ የሄደ ምን ይቀዳል?

መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ልጃችሁ በመጠጥ፣ በዕፅ ወይም በከባድ ሐዘን ተይዞ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ ሽማግሌ ያዙ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠይቁ። ልጁ ደህና ሆኖ ከራቀ ግን በሩን ክፍት አድርጋችሁ አፋችሁን ሰብስቡ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ እደውላለሁ። ካላነሳ «ሰላም ነህ ልጄ? ሰንበት ሰላም» የሚል መልእክት እተዋለሁ፤ ሌላ አልጨምርም። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ዓርብ አነሳ። ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ «አባ፣ እናቴ ዳቦ ጋግራለች?» አለኝ።

«ጋግራለች» አልኩት።

በዚያ ዓርብ አልመጣም። ወንበሩ ግን አሁንም ከቦታው አለ።

በሚመጣው ስግድ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ስንገናኝ፣ የልጆቻችሁን ስም ብቻ ይዛችሁ ኑ። ትዕግሥቱን እሱ ይስጠን።