ለማልቀስ ጊዜ ያጣች እናት

«ዘ ሬክለስ ሞመንት» እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ የሆሊውድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አዘጋጁ ማክስ ኦፉልስ፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። በእናቶች ቀን የማኅበራዊ ሚዲያው ገጽ ሁሉ ጽጌረዳ በጽጌረዳ ይሆናል። በዚህ ፊልም ለእናትየዋ የሚደርሳት ግን ሬሳ ነው።

ሉሲያ ሃርፐር (ጆአን ቤኔት) ባልቦአ በምትባል የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር መንደር ትኖራለች። ባሏ ለሥራ በርሊን ሄዷል፤ የገና በዓል ተቃርቧል፤ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች፣ አማቷና የቤት ሠራተኛዋ አሉ። ልጇ ቢ፣ ቴድ ዳርቢ በሚባል በዕድሜ የሚበልጣት ወስላታ ፍቅር ወድቃለች። አንድ ምሽት ተጣልተው በያዘችው ባትሪ ስትመታው ሰውዬው ተንገዳግዶ ይወድቅና መልሕቅ ላይ ተወግቶ ይሞታል። ጠዋት አስከሬኑን ያገኘችው ሉሲያ «ልጄ ገደለችው» ብላ ትደመድማለች። ኡኡ አላለችም፣ ጎረቤት አልጠራችም። በሞተር ጀልባ ጭና ራቅ ካለ ቦታ ጥላው ትመለሳለች።

ብዙም ሳይቆይ ዶኔሊ የሚባል ሰው (ጄምስ ሜሰን) ቢ ለዳርቢ የጻፈቻቸውን የፍቅር ደብዳቤዎች ይዞ ይመጣል። ወይ 5,000 ዶላር፣ ወይ ፖሊስ።

ከዚህ በኋላ የወንጀሉ ፊልም የባንክ ደጅ ጥናት ፊልም ይሆናል። ሉሲያ ብድር ፍለጋ ትንከራተታለች፤ የሚጠየቀው የባሏ ፊርማ ነው። በአሜሪካ አበዳሪ ሴትን በፆታዋ ወይም በትዳሯ ምክንያት እንዳያገል የሚከለክለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ሰው ጨረቃን ከረገጠ ከ5 ዓመት በኋላ! ቤቱን፣ ልጆቹን፣ አማቷንና የወር ወጪውን በአደራ የጣለባት ዓለም፣ ብድር ሲሆን ፊርማዋን አያውቀውም። ጌጧን አስይዛ የምታገኘውም ከተጠየቀችው እጅግ ያንሳል። በዚህ ሁሉ መሐል ወንዱን ልጇን «በሥርዓት ልበስ» ማለቷን አልተወችም። እናት ናታ!

የኦፉልስ ካሜራ ደረጃ በወጣች በወረደች ቁጥር ይከተላታል። በዚህ የካሜራ አመሉ ሜሰን ራሱ በግጥም ቀልዶበታል። ቤቱም ሰው ስለማይጠፋበት ብቻዋን የምትቆምበት ጥግ የላትም። ለድካሟ የሚያዝንላት፣ ሲጋራ ታበዣለሽ ብሎ ማጣሪያ የሚገዛላት ያው ገንዘብ ሊቀማት የመጣው ዶኔሊ ነው። ያፈቅራታልም።

ሸሪኩ ናጌል ግን ትዕግሥት የለውም፤ ራሱ ይመጣል። ዶኔሊ ይገድለውና ሬሳውን ጭኖ ሲሸሽ መኪናው ይገለበጣል። ከመሞቱ በፊት የዳርቢንም ደም በራሱ ላይ ይወስዳል። የሃርፐር ቤተሰብ በዚህ ይተርፋል፤ ባልየው ከበርሊን ሲደውል ሚስቱ ሁሉም ደህና ነው ትለዋለች።

ቤት ውስጥ የሉሲያን ጭንቀት ያየችው፣ «ልርዳሽ» ያለችው፣ በመጨረሻም ዶኔሊን ለመከተል መኪናውን የነዳችላት ጥቁሯ የቤት ሠራተኛ ሲቢል ናት። ፍራንሰስ ዊልያምስ ከሁሉ የተሻለ ተጫውታዋለች፤ ስሟ ግን ከተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ የለም።