ስንቅ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለማሾው ሲሳይ ነው፤ ለቴሌቪዥን ግን ጠላት። የአባቴ ቅርስ የሆነው ቴሌቪዥናችን አንድ ምሽት «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ መነሣት ተሳነው። «እሱም ተከተለው» አለች እናቴ።

ጠጋኙ የኃይሉን ሥርጭት የምታዝዘውን ባለ ስምንት እግር ቺፕ፣ ዩሲ 3842ን፣ በሜትሩ መረመረ። ሰባተኛው እግሯ 16 ቮልት ሲያገኝ ትነቃለች፤ ከ10 ሲወርድ መልሳ ታሸልባለች።

«ሞታለች?» አልሁት።

«የለም፤ ከትራንስፎርመሩ ስንቅ እስኪደርሳት የሚያቆያት ካፓሲተር ነው በሙቀት የደረቀው።»

አሮጌውን በአዲስ ቢተካው ምስሉ ፈካ።

እናቴም አባቴ ካረፈ ወዲህ ወግ ትጀምርና ታቋርጣለች። ሐዘኑ ነው እል ነበር። ለካ እኔ ከባንክ አምሽቼ እየገባሁ ሰሚ ነሥቻት ኖሯል። ያን ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ወጓ ሳይቋረጥ እኩለ ሌሊት ሆነ።