የአባቴ ማሲንቆና የኔ ችኮላ

ለልጆቻችሁ ልታወርሱት የምትፈልጉት የእንጨት ዕቃ ቤታችሁ ካለ፣ ቫርኒሽ ከመግዛታችሁ በፊት የኔን ስሙ።

የምኖረው ባቱ ነው፤ ሥራዬ ማርኬቲንግ። ዕቃን አሳምሮ ማቅረብ እንጀራዬ ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ እጁ አልታዘዝ ስላለው ማሲንቆውን ሰቅሎታል። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በልደቷ ቀን ሊሰጣት ሲወስን፣ እኔን መጀመሪያ የታየኝ የሚያብረቀርቅ ፎቶ ነበር።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ወፍራሙን የዘይት ቫርኒሽ እንዳለ ቀባሁት። ብሩሹ ይጎተታል፤ ደግሜ ስመለስበት ባሰው። ከሐይቁ በኩል የተነሳው ነፋስ አቧራ አለበሰው። ማታ ላይ የታረሰ ማሳ መሰለ። አባቴ አየውና ምንም አልተናገረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ስጦታው ቀረ፤ ልጄም አለቀሰች።

ጎረቤታችን አናጺው ጥፋቴን አስረዳኝ። በእኛ አገር ሙቀትና ነፋስ ማቅጠኛው ቶሎ ስለሚተን፣ የብሩሹ መስመር ሳይገጥም ቫርኒሹ ይይዛል። ስለዚህ ጥቂት በሌላ ዕቃ ቀድታችሁ፣ አኳራጅ በጠብታ እየጨመራችሁ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። መስመሩ በራሱ ከጠፋ ልኩ ነው፤ ወደ ታች ከወረደ ቀጥኗል። አሁንም ቶሎ ከያዘ፣ ለቀለም የሚሆን የተልባ ዘይት ጥቂት ጠብ ማድረግ ያዘገየዋል፤ ከበዛ ግን እንደተጣበቀ ይከርማል። ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ፣ በስሱ ቀቡ። ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጋችሁ ድገሙት።

የማሲንቆው ቆዳና የፈረስ ጭራው ግን አይነኩም። ጭራው ዘይት ከነካው ደጋኑ ይንሸራተታል፤ ድምፅ አይወጣም።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ከዚህ የራቀ ነገር አልነበራቸውም። ፓሪስ በሚገኝ ሙዚየም ባሉ አምስት የስትራዲቫሪ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ ተመራማሪዎች ያገኙት ቫርኒሽ፣ በዋናነት የሚደርቅ ዘይትና የዛፍ ሙጫ ነው።

የተበላሸውን ልፍቅ ስቀመጥ አባቴ አጠገቤ መጣ። አንገቱ ላይ በእጁ ብዛት የጠቆረ ቦታ አለ። እሱንም ላነሳው ስል፣ «እሱን ተይው ልጄ፤ እጇን የት እንደምታሳርፍ ያሳያታል» አለኝ።

ተውኩት። ሦስት ስስ ሽፋን ሁለት ሳምንት ፈጀ። ልጄ ማሲንቆውን ስትቀበል አባቴ በደህናው እጁ ጣቶቿን ያዘና ጥቁሩ ቦታ ላይ አኖራቸው። ፎቶ ማንሳቱንም ረሳሁት።

እናንተም ስትቀቡ መስኮት ክፈቱ፤ እሳት አታቅርቡ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨምድዳችሁ አትጣሉት፤ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ከመፋቃችሁ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁ።