ስጠው ወይስ ሽጠው

ሙዚቃ ማጫወቻ እያነሰች፣ ኪስ ውስጥ እየገባች ስትሄድ አንድ ነገር አብሯት ይጓዛል፦ ከዘፈኑ ኋላ «ሽሽሽ» እያለ የሚሰማው ድምፅ። የካሴት ዘመን ሰው ያውቀዋል። ክርም ድንጋይም የማያውቀው የዛሬ ልጅም ማታ መብራት አጥፍቶ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሲከት ይሰማዋል። ከሩቅ፣ ዛፍ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። ብዙ ሰው «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ ያልፈዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ሽሽሽው መነሻው ብዙ ነው፤ መፍትሔውም እንደ መነሻው ይለያያል። መነሻውን ሳይለዩ ለማጥፋት ከተነሱ ደግሞ አብሮት የሚጠፋ ነገር አለ። በእኛ ቤት አብራው የጠፋችው አንዲት ፊደል ነበረች።

ከካሴት ልጀምር። ፊሊፕስ ካሴትን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን መጀመሪያ የታሰበውም ለሙዚቃ ሳይሆን በቃል ለሚነገር ነገር ነበር። የክሩ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በሴኮንድ የሚጓዘው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ የስቱዲዮ ቴፖች ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይሮጡ ነበር። ክሩ ላይ የተቀባው ቡናማ ነገር ማግኔት የሚይዝ ደቃቅ ዱቄት ነው። ድምፅ ሲቀዳ ቅንጣቶቹ ድምፁን ተከትለው ይሰለፋሉ፤ ግን ቅንጣት ቅንጣት ነውና ሰልፉ መቼም ፍጹም አይሆንም። ሽሽሽው የዚያ ዝብርቅርቅ ድምፅ ነው። ክሩ በጠበበና በዘገየ ቁጥር ድምፁን የሚሸከሙት ቅንጣቶች ያንሳሉ፣ ሽሽሽውም ይጎላል።

ለዚህ የተገኘው ዝነኛ ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1968 የመጣው ዶልቢ ቢ ነው። ሲቀዳ ዝግ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ከፍ ያደርጋል፤ ሲያጫውት በዚያው ልክ መልሶ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ክሩ በመሃል የጨመረው ሽሽሽም አብሮ ዝቅ ይላል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማንን ካወጣ በኋላ ይህን መሰል ቁልፍ በኪስ ማጫወቻዎችም ላይ እየተለመደ መጣ። ብልሃቱ የሚሠራው ግን ካሴቱ ሲቀዳም በዚያው መንገድ ከተቀዳ ብቻ ነው። እንዲያ ያልተቀዳ ካሴት ላይ ቁልፉን መጫን ሽሽሽውን ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንም ከፍ ያላደረጋቸውን ቀጫጭን ድምፆች አብሮ ይቀንሳቸዋል። አድማጩ «ተመስገን፣ ጠራ» ይላል። የጠራ ሳይሆን የታፈነ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። በ1981 ዓ.ም. አያቴ ከደሴ፣ ጅዳ ለነበረው ትልቁ ልጇ የካሴት ደብዳቤ ላከችለት። መጻፍ ለማይችል ሰው ያኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ቴፕ ከጎረቤት ይዋሳሉ፣ የቆየ ዘፈን ላይ ይቀዱበታል፣ ከዚያ መንገደኛ ይፈለጋል። «እንደምን ከርመሃል ልጄ፤ እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን» ብላ ትጀምራለች። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ ክረምቱ እንዴት እንደሆነ ትነግረዋለች። አሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ወደ ስፌት መኪናው ትመጣለች። መኪናው የአጎቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሳለ የገዛው። እሱ ከሄደ በኋላ ታናሽ ወንድሙ፣ አባቴ፣ ይሠራበት ነበር። አያቴ «መኪናውን ለወንድምህ» ካለች በኋላ አንድ ቃል ትላለች።

አጎቴ የሰማው «ሽጠው» ነው። በመንገደኛ መልእክት ላከ፦ 600 ብር፣ ቀስ ብለህ ክፈል። አባቴ ደግሞ እናቴ ያለችው «ስጠው» ነው አለ። አያቴ ስትጠየቅ «ስጠው ነው ያልኩት» ብላለች፤ አጎቴ ግን «አብረው ስለሚኖሩ ነው፣ ፊቱን አይታ ነው» ብሎ አላመነም። አንዱ «በእናቴ ስም ንብረቴን ወሰደ» አለ፤ ሌላው «የእናቴን ቃል በብር ተመነው» አለ። አያቴ በ1986 ዓ.ም. ዐረፈች። ሽማግሌ ገባ፣ ወጣ። ሁለቱ ወንድማማቾች ለቅሶና ሠርግ ላይ ብቻ፣ ያውም ከድንኳኑ ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው የሚተያዩ ሆኑ። አጎቴ አገር ቤት ጠቅልሎ ሲገባ ካሴቱን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አንቺ ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር ትግባቢያለሽ። ስሚውና የሰማሽውን ንገሪኝ» አለኝ። የአባቴ ልጅ መሆኔን እያወቀ ነው የሰጠኝ።

«ስጠው» እና «ሽጠው» የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ነው። ሁለቱም ድምፆች ያለ ጉሮሮ ንዝረት፣ በጥርስና በምላስ መሃል በሚያልፍ አየር የሚሠሩ ናቸው። እንዲያውም «ሽ» ራሷ ሽሽሽ ናት፤ የካሴቱን ሽሽሽ በፊደል ጻፉት ብባል ሌላ ፊደል የለኝም። ልዩነታቸው ከፍታ ላይ ነው፦ የ«ሽ» ጉልበት ከ2,500 ሄርዝ ገደማ ይጀምራል፤ የ«ስ» በአብዛኛው ከ4,000 ሄርዝ በላይ ነው። ላይኛውን ድምፅ ከቆረጡት «ስ» መታወቂያዋን ታጣለች። በስልክ ስም ስንናገር «ሰ፣ የሰላም ሰ» እያልን የምንለፋው ለዚህ ነው። የካሴት ሽሽሽም የሚያስቸግረው በዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ ሽሽሽን ማባረርና «ስ»ን ማቆየት፣ አንድ ቤት ውስጥ የገባን ሌባ በጭስ እንደ ማስወጣት ነው፤ ባለቤቱም አብሮ ይወጣል።

ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ቀድቼ በትንሽ ማጫወቻ፣ ጆሮ ውስጥ በሚገባ ማዳመጫ መስማት ጀመርኩ። ሽሽሹ ብዙ ነበር። እዚህ ላይ ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ፈተና አለ። ቮልዩሙን እስከ ዜሮ ዝቅ ያድርጉት። ሽሽሽው አብሮ ከጠፋ ከቀረጻው የመጣ ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም እዚያው ካለ ግን የማጫወቻው የራሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ማጉያ ምንም ባይጫወትም ትንሽ ሽሽሽ አለውና። የእኔው ዜሮ ላይም ነበር። ቀጥሎ ማዳመጫውን መቀየር ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ብዙዎቹ 16 ኦም አካባቢ ያላቸው፣ በትንሽ ኃይል የሚጮኹ ናቸው፤ የማጫወቻውን ሹክሹክታ ሳይቀር ይዘው ይወጣሉ። ጆሮ ሙሉ በሚሸፍን፣ ብዙ ኃይል በሚፈልግ አሮጌ ማዳመጫ ስቀይረው ያኛው ሽሽሽ ጠፋ። ሌላ ማዳመጫ የሌለው ሰው ሬዚስተር ያለባትን አጭር ማገናኛ በመሃል ቢሰካ ተመሳሳይ ነገር ታደርጋለች፤ ድምፁም ሽሽሽውም አብረው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ቮልዩሙን ሲጨምሩ ድምፁ ብቻ ይመለሳል።

ቻርጀር ላይ ሳለ ብቻ «እምምም» የሚል ካለ ያ ሽሽሽ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የመብራቱ 50 ሄርዝ ነው፣ ይንቀሉት። «ትርትት ትርትት» የሚል ከሆነ አጠገቡ ያለው ስልክ ነው፤ ሞባይል ገና ሲገባ በታክሲ የሄደ ሁሉ ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ሬዲዮው ሲንተባተብ ሰምቶ ኪሱን ዳብሷል።

ይህ ሁሉ ተለይቶ ሲወጣ የቀረው የካሴቱ የራሱ ሽሽሽ ነበር። በዚያ ውስጥ አያቴ አሁንም በግማሽ «ሽጠው»፣ በግማሽ «ፍጠው» የሚመስል ነገር ትላለች። ያጫወትኩበትን ቴፕ ሄድ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረግሁ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በትንሽ በትንሹ ማዞር ጀመርኩ። ይህች ብሎን ሄዱ ክሩን የሚነካበትን አቋም ታስተካክላለች። የጎረቤት ቴፕ ሄዱ ትንሽ ዘመም ብሎ ከቀዳ፣ የሚያጫውተውም በዚያው ልክ ካልዘመመ ቀጫጭኑ ድምፅ ይሞታል። የክሩ ሽሽሽ ግን ብሎኗ ብትዞር ግድ የለውም። ከሩብ ዙር ባነሰ መዞር ላይ ሽሽሽው ምንም ሳይቀንስ የአያቴ ድምፅ ከውስጡ ብቅ አለ፤ ጥርሷ ሁሉ የተሰማኝ ያህል።

«መኪናውን ለወንድምህ ስጠው።»

አጎቴን በስንት ዓይነት ዕቃ ሰምቶት እንደነበር ጠየቅሁት። በአንዲት ዎክማን ብቻ፣ ሁልጊዜም የሽሽሽ መቀነሻው ቁልፍ ተጭኖ። «የእናቴን ድምፅ በጥራት ልሰማ ብዬ ነዋ» አለኝ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ አባቴ ረትቶ ነበር። ግን ካሴቱን ለሁለቱ ላሰማ ስል ለጆሮአቸው ላቅልለው ብዬ ሽሽሽ ማጥፊያ ፕሮግራም ሞከርኩ። ፕሮግራሙ «ጸጥ ያለ ቦታ አሳየኝ፤ እዚያ ያለውን ድምፅ ለይቼ ከሁሉም ቦታ አነሳዋለሁ» ይላል። አያቴ «ስጠው» ካለች በኋላ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ዝም ትላለች። ያን ጸጥታ ከመምረጤ በፊት በትልቁ ማዳመጫ ቮልዩሙን ከፍ አድርጌ ሰማሁት። ጸጥታ አልነበረም። ከሽሽሹ ሥር፣ ከክፍሉ ጥግ፣ የወጣት ወንድ ድምፅ አለ፦ «ተይ እማዬ፣ እከፍለዋለሁ።»

ሁለቱን አንድ እሑድ ከሰዓት እኛ ቤት ቡና ጠራኋቸው። አጎቴ መጀመሪያ ሰማ። «ስጠው»ን ሲሰማ ራሱን ወደ ታች አደረገ። ቀጥሎ ያለውን ሲሰማ ቀና ብሎ አባቴን አየው። አባቴ ማዳመጫውን ተቀብሎ አደረገ፤ ብዙ ቆየ።

«ይሄ ማነው?» አለ።

«አንተ ነህ አባዬ።»

«ማለቴን አላስታውሰውም» አለ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ሳያይ፣ «ጋሼ፣ ግን ድምፁ የእኔ ነው» አለ።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። በመጨረሻ «እንደገና ክፈቺው፤ ከመጀመሪያው» አለኝ። ሽሽሽው እንዳይረብሻቸው ድምፁን ላለስልሰው ወይ ብዬ ስጠይቅ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «አይ፣ አትንኪው» አሉኝ። አሥራ ስድስት ደቂቃው ሙሉ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሞቱት ሰዎች ሰሙ። መሃል ላይ አባቴ «ይቺ እኮ የእነ እንትና እናት ናት» ይላል፣ አጎቴ «አይደለችም፣ እህታቸው ናት» ይላል። ስለ 600 ብሩ ያን ቀን ማንም አላነሳም። ታርቀዋል ለማለት አልደፍርም፤ አጎቴ ግን የመኪናው ቀበቶ ከላላ የሚቀይርለት ሰው እንደሚያውቅ ሲወጣ ነግሮታል።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ፣ መጀመሪያ ሄዱን ጥረጉ፣ ብሎኗን በጆሯችሁ አስተካክሉ፣ መቀነሻ ቁልፉን አጥፉ፣ ከዚያ እንዳለ ከነሽሽሹ ቅዱትና አንዱን ቅጂ ሳትነኩት አስቀምጡ። ማጽዳት የምትፈልጉ በሌላው ቅጂ ላይ አጽዱ። ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡ ስትባሉም፣ ከመምረጣችሁ በፊት ቮልዩሙን ከፍ አድርጋችሁ እዚያ ማን እንዳለ ስሙ።