ለመቐለ ማን ይቀርባታል?

ጎበዝ፣ እስቲ አንድ የጂኦግራፊ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ለመቐለ ማን ይቀርባታል፤ አስመራ ወይስ ዋሽንግተን?

ካርታ የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል። ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አስመራው ማረፊያ በአየር ቀጥታ ቢለካ 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ እንኳ 500 ይሞላል። እሱን በአንድ ሰዓት ከምናምን ከበረርነው፣ አስመራ ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው ማለት ነው። ቀበቶ ታስሮ ሳይፈታ! ዋሽንግተን ደግሞ ከቦሌ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

የኔ መልስ ግን ዋሽንግተን ነው። ከዚያ ዛሬ የተነሳ ሰው 13 ሰዓት ያህል በሮ ቦሌ ይደርሳል፤ በማግስቱ እዚህ ቀዳማይ ወያነ ገበያ መሀል ሻንጣ ሲጎትት ታገኙታላችሁ።

አስመራስ? በዚሁ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አደይ የምላቸው እናት አሉ። ታላቅ እህታቸው አስመራ ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ሃያ ዓመት አልተያዩም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ አስመራ ሲበር ሰማይ የተከፈተ ነበር የመሰለን። ለመቐለ ሰው ጉዞው ትንሽ ያስቅ ነበር እንጂ፤ ሰሜን ለመድረስ መጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ከዚያ 700 ተመልሶ ወደ ሰሜን። አደይ አልበረሩም። መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳ መንገድ ሲከፈት በመኪና ሄደው ሁለት ሳምንት ሰንብተው መጡ። በወራት ውስጥ መንገዱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከሰኔ 2013 እስከ ታህሳስ 19 ቀን 2015 ድረስ መደበኛ የመንገደኛ በረራ መቐለ አልመጣም፤ ለአንድ ዓመት ተኩል አዲስ አበባ ራሷ ከዋሽንግተን በላይ ራቀችን። የመቐለው በረራ ተመለሰ ስንል ነሐሴ 28 ቀን 2016 የአስመራው ቆመ።

(በነገራችን ላይ፣ ሰፈራችን ስሙን በወሰደበት በቀዳማይ ወያነ አመጽ ጊዜ፣ በ1936 መጀመሪያ፣ መቐለን የደበደቡት የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች የተነሱት ከኤደን ነበር። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእነሱ መንገድ አልጠፋም።)

ባለፈው ሰሞን አደይ «ጓለይ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አሁን በየት ነው የሚኬደው?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ በካይሮ በኩል ለካሁላቸው። መቐለ–አዲስ አበባ 500፣ አዲስ አበባ–ካይሮ 2 ሺህ 480፣ ካይሮ–አስመራ 1 ሺህ 820 ገደማ። ሲደመር 4 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር፤ ከቀጥታው ከሃያ እጥፍ በላይ። ቪዛው፣ የቲኬቱ ዋጋ፣ አውሮፕላን ሲጠብቁ የሚያድሩት ሌሊት ገና አልተነሳም። ማን ያስገባል የሚለውማ ሌላ ጉድ ነው።

«ታዲያ እሷም ትምጣ፣ እኔም ልሂድ፤ ካይሮ እንገናኛለና!» አሉ። ይቀልዱ ይሁን የምራቸውን፣ ፊታቸው አያስታውቅም። እህትየው 82 ዓመታቸው ነው፤ ደረጃ መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል።