ቦይኮት ስንል ማንን ጠይቀን ነው?



ትልቅ የስፖርት ውድድር በመጣ ቁጥር በየሰፈራችን አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ «አዘጋጁ አገር ሰው እየበደለ እንዴት ቁጭ ብለን እናያለን?» ይላል። ሌላው «ስፖርትና ፖለቲካን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይመልሳል። እኔ ክርክሩ መነሳት ያለበት ከሌላ ቦታ ይመስለኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም የሚለውን ታሪክ አይቀበለውም። በሰኔ 1976 የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ሶዌቶ ውስጥ በተማሪዎች ላይ ተኮሰ። በዚያው ሰሞን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ለጨዋታ ወደዚያች አገር ተጓዘ። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ትውጣ ብለው ጠየቁ፤ ሰሚ አጡ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ አገሮች ሳይወዳደሩ ቀሩ። ዋጋውን የከፈሉት ግን ስፖርተኞቹ ናቸው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩፅ ይፍጠር ሞንትሪያል አመለጠችው። ወርቁን ለማግኘት እስከ 1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ መጠበቅ ነበረበት። አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ሁለት ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ሁለተኛ ዕድል ያላገኙት ስንት ናቸው?

ታዲያ መስዋዕትነቱ ከንቱ ነበር? አይመስለኝም። ጥያቄው የመጣው ከተበደሉት ከራሳቸው ነው። እንደ ኬፕታውኑ የክሪኬት መሪ እንደ ሐሰን ሐዋ ያሉ ሰዎች ጤነኛ ባልሆነ ማኅበረሰብ ውስጥ ጤነኛ ስፖርት የለም እያሉ ዓለም ከአገራቸው ጋር እንዳይጫወት ይወተውቱ ነበር። ምን እንደሚፈልጉም ግልጽ ነበር፦ የዘር መድልዎ ይቁም። ደቡብ አፍሪካ ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጀምሮ ታግዳ ቆይታ የተመለሰችው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። እዚያ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸነፈች፤ ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ነበረች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ።

ቦይኮት ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ደርግ በ1984 ሶቪየት ኅብረትን ተከትሎ ከሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ሰሜን ኮሪያን ደግፎ ከሴኡል ቀረ። በላይነህ ዴንሳሞ በዚያው በ1988 ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ሴኡል ግን አልሮጠም። በእሱ መቅረት ከማን ላይ ዙልም ተነሳ?

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከ2022ቱ የቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ በፊት በስደት ያሉ የኡይጉር ወገኖቻችን ውድድሩ እዚያ እንዳይካሄድ ጮኸው ነበር። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳና አውስትራሊያ «ዲፕሎማሲያዊ ቦይኮት» አሉ። ይህ ማለት ባለሥልጣናቱ መክፈቻው ላይ አልተገኙም ማለት ነው። ውድድሩ ግን እንደታሰበው ተካሄደ፤ ቴሌቪዥኑም አስተላለፈ። ችቦውን ከለኮሱት ሁለት ስፖርተኞች አንዷም የኡይጉር ተወላጅ እንድትሆን ተደረገ። ማንም ምንም ያልከፈለበት ቦይኮት በዳዩን አያስጨንቀውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የኳታር ዓለም ዋንጫ መጣ። ለኡይጉሮች ሲከራከሩ ከነበሩት ወጣቶቻችን ብዙዎቹ በኳታር ስላሉ ሠራተኞች ሲነሳ «ይሄ የምዕራባውያን ጥላቻ ነው» አሉ። በአንዳንዱ ትችት ውስጥ ጥላቻ እንደነበረ አልክድም። በከፋላ ሥርዓት ሥር የኖረው ሠራተኛ በደል ግን እውነት ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ልጆቹ ቤታችን ተሰብስበው ይታይ፣ አይታይ ሲባባሉ ቡናዋን እየቀዳች እንዲህ አለቻቸው፦ «ብታዩም ባታዩም ለእኔ ለውጥ የለውም። የስድስት ወር ደመወዜ እዚያው ቀርቷል። እሱን የሚጠይቅልኝ አለ?»

ቤቱ ዝም አለ። ለካ ከመካከላችን እሷን የጠየቃት አልነበረም።

በዚያ ዓመት የሰብአዊ መብት ድርጅቶችም ፊፋን የጠየቁት ለእንደዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የቀረበ ነገር ነው። ለውድድሩ ሲሠሩ ለተጎዱ ሠራተኞች ካሣ ቢያንስ 440 ሚሊዮን ዶላር ይመደብ አሉ፤ ለተወዳዳሪ ቡድኖች የተዘጋጀውን የሽልማት ገንዘብ ያህል ማለት ነው። ፊፋ አልመደበም። ወጣቶቻችን በየገጹ ስለ ማየትና አለማየት የጻፉትን ያህል ስለዚህ ካሣ ቢጽፉ ምን ነበረበት?

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ በሚቀጥለው ውድድር «ቦይኮት» ከማለታችን በፊት ተበዳዩ ራሱ ምን እየጠየቀ እንደሆነ እንስማ። ራቁልን ካለን እንራቅ፤ ደመወዜን አስከፍሉልኝ ካለንም ድምፃችንን ለዚያ እናውለው። ዋጋውንም በሯጩ ትከሻ ላይ ብቻ አንጣለው፤ ስፖንሰር የሚያደርገውን ድርጅት ዕቃ መግዛት ማቆም ለእኛም ይቻለናል። በዳዩ ሙስሊም ሲሆን ደግሞ ድምፃችን አይቀንስ። ዲናችን በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንቆም ያዝዘናልና።

አላህ ከበዳዮችም፣ በደልን አይተው ከሚያልፉም አያድርገን። አሚን።