ስለ ፊደል ወርድ

ሽመና በታወቀባት በዶርዜ ያደገ ሰው ስለ ወርድ ቢናገር አያስደንቅም። እናቶቻችን ይፈትላሉ፤ አባቶቻችን ይሸምናሉ፤ ወርዱ ያልተስተካከለ ሸማ ሲሰፋ ዳርና ዳሩ አይገጥምም። እኔም ይህንኑ ችግር በኮምፒዩተር ጽሕፈት ላይ አገኘሁት።

በአካባቢያችን ጋሞኛና እንግሊዝኛ በላቲን፥ አማርኛ በግእዝ ፊደል ስለሚጻፉ፥ ሁለቱ ፊደሎች በአንድ ገጽ ይገናኛሉ። አንድ ጊዜ የተማሪዎች ስም በሁለቱም ፊደል፥ ከጎኑም ውጤታቸው የተጻፈበትን ዝርዝር አየሁ። ዓምዶቹ በባዶ ቦታ ብቻ ስለ ተለዩ፥ የአንድ ጓደኛዬ የሒሳብ ውጤት በእንግሊዝኛው ሥር ቆሞ ነበር። እስኪጣራለት ድረስ እጅግ ተጨነቀ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአንዳንድ የኮምፒዩተር ገጽ ለያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ይሰጠዋል፤ የቦታውም ልክ የላቲን ፊደል ነው። የቻይናና የጃፓን ፊደሎች ሰፋፊዎች ስለ ሆኑ ሁለት ሁለት ቦታ ይፈቀድላቸዋል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. ገብቷል፤ ነገር ግን ከሰፋፊዎቹ ወገን አልተቈጠረም። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ይደርሰዋል። እንደ «ሐ» እና «ጠ» ያሉት ባለ ሦስት እግሮች በዚያ ሲገቡ ወይ ይጨመቃሉ፥ ወይ ጎረቤታቸውን ይገፋሉ።

ለጊዜው ዓምድን በባዶ ቦታ ሳይሆን በሠንጠረዥ መክፈል ይበቃል። ለዘለቄታው ግን ሁለቱን ፊደሎች አስማምቶ የለካ ቅርጸ ፊደል ያስፈልጋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ደክመዋል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የቀረውን ልንሠራ የሚገባን እኛ ነን፤ የሸማውን ልክ የሚያውቀው ለባሹ ነውና።